ላም ያላለች ሴት

«የባሏን አባት ስም እንኳ አታውቅም እኮ! ስንት ዘመን ነው አብራው የኖረችው?» አለች ጸሐፊዋ። ለማንም አላለችውም፤ ለግድግዳው ያለች ትመስላለች። ግን ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ከግድግዳው በፊት በሩ ላይ ተደራርበው የቆሙት ባለጉዳዮች ሰሙት፤ ሁለት ሦስቱም ፈገግ አሉ። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። የገጠር መሬት ደብተር የሚታደስበት ይህ ቢሮ ሆሳዕና ውስጥ ካሉት ቢሮዎች ሁሉ ጠባቡ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ እግሩ በሲባጎ የታሰረ አንድ ፕላስቲክ ወንበር፣ ጣራ ሊነካ የደረሰ የፋይል ክምር፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ በመጋረጃ ፈንታ የተለጠፈ የአምና ካላንደር። ከጠረጴዛው ፊት የቆሙት እማማ ጡሜ ናቸው፤ የሰባ አምስት ዓመት ሴት፣ ከወር በፊት ለዓይን ሕክምና ከሌሞ ገጠር ወደ ልጃቸው ቤት የመጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል። ደብተሩ ወደ እሳቸው እንዲዞር የሟች ሙሉ ስም ሲጠየቁ «ታደሰ» አሉ ቶሎ። «የታደሰ አባትስ?» ሲባሉ ግን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ጸሐፊዋ ደገመች። ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ጆሯቸው የደከመ መስሏት ጮኸችባቸው።

ከኋላቸው የቆመችው ምራታቸው ማርታ በእፍረት ፊቷ ነደደ። ማርታ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ናት። አዳማ ተወልዳ እዚያው አድጋ፣ ሚክያስ የሚባል የሌሞ ልጅ አግብታ ሆሳዕና ከገባች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሀዲይኛ ግን ከሰላምታና ከገበያ ቁጥር አላለፈላትም። ዛሬ ደግሞ ቸኩላለች። ስምንት ሰዓት ላይ የንባብ ማኅበራቸው ስብሰባ አለ፤ ማኅበሩ በለጋሾች ርዳታ በዓመት አንድ ልቦለድ ያሳትማል፣ የዘንድሮው የትኛው እንደሚሆን የሚወስነውም በቦርሳዋ የያዘችው ሪፖርት ነው። «ማዴቦ ብለሽ ጻፊው፤ ታደሰ ማዴቦ» አለቻት ጸሐፊዋን በትከሻቸው በኩል አንገቷን አስግጋ። እማማ ጡሜ ድንጋይ የተወረወረባቸው ያህል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ጥሩ» አለች ጸሐፊዋ እየጻፈች። «አሁን አመልካቿ ራሳቸው ይበሉት። በቃል ማረጋገጥ አለባቸው።»

ይኼኔ ነበር በሩ ላይ አለንጋውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ተራ የሚጠብቅ አንድ ጋሪ ነጂ ጉሮሮውን የጠረገው። «የኔ እኅት፣ እሳቸው አይሉትም» አለ። «የባል አባት ስም ነው። ባሊሻ ነው፤ ሴት ልጅ ካገባች የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ መስሎሻል? ስሙ በሚነሣበት ድምፅ የሚነሣ ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም። እናቴ እስክትሞት እንደዚያ ነበረች።»

«እና እንዴት ነው የሚያወሩት?» አለች ጸሐፊዋ፣ እውነት ገርሟት።

«ካንቺ አሳምረው!» አለ ጋሪ ነጂው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ ጸሐፊዋም ሳታስበው ሳቀች፣ እማማ ጡሜም በነጠላቸው ውስጥ ሳቁ። «እንግዲያ እኔ ምስክር ነኝ፤ ጎረቤታቸው ነኝ፣ ማዴቦን አውቃለሁ» አለና አውራ ጣቱን ለቀለም ዘረጋ። ጸሐፊዋም በቃል ማረጋገጫው ፈንታ የምስክሩን አሻራ ተቀበለች፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ማርታ ግን አላለቀላትም። ከቢሮው እንደወጡ ሰው ሞልቶ የሚበር ባጃጅ ሁሉ እያለፋቸው ስለሄደ፣ ከዋናው መንገድ ዳር አንዲት ሻይ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ሻይ ሃያ ብር፣ ፓስቲ ሃያ አምስት፤ አምና የዚህን ግማሽ ነበር ሲሉ እማማ ጡሜ በዋጋው ተገረሙ፣ ቀጥለውም ፓስቲውን በሁለት እጃቸው ይዘው በደስታ ይበሉ ጀመር። ማርታ አፋቸውን ታያለች። ሰባት ዓመት ሙሉ እኚህ ሴት አንድም ቀን «ማርታ» ብለዋት አያውቁም። «ሙሽራ» ነው የሚሏት። ሁለት ልጅ ወልዳ፣ ወገቧ ሰፍቶ፣ ግንባሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማለት ጀምሮ ዛሬም «ሙሽራ፣ ነይ»። መጀመሪያ ፍቅር መስሏት ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ንቀት ነው አለች፤ በአምስተኛው፣ ከሩቅ አገር የመጣሁ ስለሆንኩ ስሜን እንኳ ሊለምዱት አልፈለጉም ብላ ቂሟን እንደ አሮጌ ልብስ አጥፋ አስቀመጠችው። ለባሏም አልነገረችው። ደፋር ናት በተማሪ ፊት፣ በአማት ፊት ግን ከማንም አትሻልም። አሁን ግን «ማታ» ለማለት ሁልጊዜ «ሲመሽ» የሚሉት፣ ለማር «ጣፋጩ»፣ ለማሰሮ «ወጥ የሚያድርበት» የሚሉት ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አላት። አማርኛ ስለሚከብዳቸው ነው ብላ ስንቴ አርማቸዋለች! እሳቸውም ስንቴ እሺ ብለው መልሰው «ሲመሽ» ብለዋታል!

«እማማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ስሜን የማይጠሩት ለዚህ ነው?»

እማማ ጡሜ ሻዩን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩዋት። «ታዲያ ለምን መሰለሽ?»

«በአማርኛም ይከለከላል?»

«አፍ አንድ ነው» አሉ። «በሀዲይኛ የዘጋሁትን በር በአማርኛ ብከፍተው ያው ቤት ነው።» ቀጥለው ፈገግ አሉ። «ስምሽ ቆንጆ ነው። በልቤ እለዋለሁ። ልብ ውስጥ የሚባለውን አማት አይሰማም።»

ማርታ ሰባት ዓመት ሙሉ አልተጠራም ብላ የተቀየመችበት ስሟ ሰባት ዓመት ሙሉ እኚህ ሴት ልብ ውስጥ ሲጠራ ኖሯል፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አይከብድም ነበር?» አለች።

«ከባድ ነው እንጂ! አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንዱን ቃል ስጥል ሌላ ፍለጋ ነው። የሚረዳሽ የለም፤ የባልሽ እኅቶች እስክትሳሳቺ ይጠብቃሉ። ግን ጎበዝ ነበርኩ» አሉ ቀና ብለው፣ ትምህርት ቤት አንደኛ የወጣች ልጅ በምትናገርበት ኩራት። «አንድ ቀን አልተሳሳትኩም።»

ማርታ ከቦርሳዋ የፕላስቲክ ማህደሩን አወጣች። ውስጡ ያለው ለመጨረሻ ምርጫ ከደረሱት ሁለት ልቦለዶች የአንዱ ረቂቅ ነው፤ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ገጽ፤ የደራሲው ስም የለበትም፣ «ቁጥር ሦስት» ብቻ ይላል። ታሪኩ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በሀዲያ ገጠር ስለኖረች ዋጌ ስለምትባል ሴት ነው። ማርታ ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ አርማዋለች፤ በመጨረሻም «ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ልፍስፍስ ናት። በግፍ ላይ አፏን አትከፍትም፤ ስትከፍትም የተንጋደደ ቋንቋ ትናገራለች። ለዛሬ አንባቢ አርአያ ልትሆን አትችልም» ብላ ጽፋለች። ሌላኛውን ረቂቅ ግን አሞግሳዋለች። የዚያኛው ባለታሪክ ፋንታዬ በፈረስ ትጋልባለች፣ በሃያኛው ገጽ ስለ ሴቶች እኩልነት ለሽማግሌዎች ንግግር ታደርጋለች። ከዘመኗ አንድ ነገር የማትፈራ፣ ዘመኗም አንድ ነገር የማያደርጋት ጀግና ናት።

የዋጌ ባል አባት ስም ላምቦሬ ነው። ማርታ ይህን ካሰበች በኋላ ዐሥራ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። ዋጌ «ያቺ የምትታለበዋ ታመመች» ትላለች። ከጎኑ በራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ በቀይ፦ «ላም ለማለት ይህን ያህል ዙሪያ ጥምጥም?» ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ዋጌ ከማሳ ተመልሳ «ግንባሬ ዘነበ» ትላለች፤ ማርታ «የተጋነነ ዘይቤ» ብላበታለች። ሴትዮዋ ላብ ማለት አትችልም ነበራ! አርባ አራተኛው ገጽ ላይ አማቷ ውሃ ይፈልግ እንደሆነ ስትጠይቀው «ላምጣ?» ማለት ሲገባት «ይምጣ?» ትላለች፤ «የሰዋስው ስሕተት» ይላል ቀዩ። ማርታ ጣቷን ከመስመር መስመር እየጎተተች የዋጌን ንግግሮች ብቻ ፈለገች፤ አንዲት በ«ላ» የምትነሣ ቃል ብትገኝ ብላ። ሌሎቹ ሰዎች ሁሉ ላም ይላሉ፣ ላብ ይላሉ፣ «ላንቺ ብዬ ነው» ይባባላሉ። ዋጌ ብቻ የለችበትም። ሻዩ በረደ፣ ጎረቤት ወንበር የነበሩት ሰዎች ከፍለው ወጡ፣ ሌሎች መጡ። ከመጀመሪያው እስከ መቶ ሰማንያ ስድስተኛው ገጽ አንዲትም የለችም። ደራሲው ማን ይሁን ማን፣ ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድም ቦታ አላብራራውም፤ አንብባችሁ አድንቁኝ አላለም። ሴትዮዋ እንዲያ ነበረች፣ እሱም እንዲያ ጻፋት። ማርታ በአሥር ዓመት የማስተማር ዘመኗ እንዲህ ያለ ነገር አላየችም። የዋጌን ቁመት በራሷ ሜትር ለክታ ነበር አጠረች ያለችው።

ከዚያ መቶ ሰማንያ ሰባትን ገለጠች፣ ወዲያውም ዘጋችው። እዚያ ገጽ ግርጌ የጻፈችው ትዝ ብሏት ነው።

ስብሰባው ነስሩ ከሚባለው የማኅበሩ አባል የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ባለች ክፍል ነው፤ ወለሉ በታሰረ ወረቀት ተሞልቷል፣ ከታች የፎቶ ኮፒው ማሽን ሲሠራ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ባጃጅ በጊዜው ስላልተገኘ እማማ ጡሜንም ይዛቸው መጣች፤ በሩ አጠገብ ወንበር ተሰጣቸውና ለስላሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ አቶ ሽብሩ ጡረታ የወጡ የሌሞ ርእሰ መምህር ናቸው፤ ነስሩ ጸሐፊ ነው፤ አራተኛዋ የባንክ ሠራተኛዋ ሱምያ ናት። እንደ ብዙ ኮሚቴ ሁሉ ይሄም ሥራውን ተከፋፍሎ ነበር፤ ቁጥር ሦስትን ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው ማርታ ብቻ ናት። የቀሩት ትናንት በስልክ የላከችውን ሪፖርት አንብበው አምነዋታል። «እንግዲህ ነገሩ ያለቀ ነው» አሉ አቶ ሽብሩ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ፋንታዬ ትታተም። ቁጥር ሦስት ከነእርማቱ ለባለቤቱ ይመለስ።»

«ሪፖርቴን አንሥቻለሁ» አለች ማርታ።

ነስሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ማርታ የቢሮውን ነገር፣ የጋሪ ነጂውን፣ የ«ላ»ን ነገር ነገረቻቸው። አቶ ሽብሩ ረቂቁን ሳብ አድርገው ገለጡ፤ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ሁለት ሦስት ገጽ ካዩ በኋላ ቀና አላሉም፤ እናታቸውን ሳያስታውሱ አልቀሩም። ሱምያ ግን በዋዛ የምትለቅ ሴት አይደለችም። «ይቅርታ ማርታዬ» አለች፣ «ሴት የሰው ስም እንዳትጠራ መደረጓ ጭቆና አይደለም እንዴ? እኛ ለጭቆናው ልናጨበጭብ ነው? ፋንታዬ በገጽ ሦስት ነው አማቷን በስሙ ጠርታ የምትናገረው። እኔ እሷን እመርጣለሁ።»

«ጭቆና ነው» አለች ማርታ። «እኔም ለጭቆናው አላጨበጭብም። ፋንታዬ ግን ስሙን በገጽ ሦስት ስትጠራ ማንም ቀና አላለም፤ እኔም አላልኩም። አጥር የሌለበት ሜዳ ላይ ነው የዘለለችው። የዋጌን አጥር ደግሞ ሳላየው አልዘለለችም ብዬ ፈረድኩባት። ይህን ገጽ ላንብብላችሁና ከዚያ እንደ ፈቀዳችሁ።»

ሱምያ እጇን አጣምራ ወንበሯን ደገፍ አለች። ታች ማሽኑ ቆመ። ማርታ መቶ ሰማንያ ሰባተኛውን ገጽ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ላምቦሬ የዋጌን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በሰባት ላሞች ለአንድ ሽማግሌ ሊድር ቃል ገብቷል። ወንዶቹ ሾላው ሥር ተቀምጠው ሊመርቁ ነው። ሴት እዚያ አትቀመጥም፤ ዋጌ ከእንሰቱ መሐል ወጥታ ዳር ላይ ትቆማለች። ልጄን አትስጡብኝ አትልም፤ ማን ይሰማታል? አትለምንም፣ አታለቅስም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ድምፅ ከአፏ ያላመለጣት ሴት መሆኗን እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ቀስ ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ አንዲት ቃል ትናገራለች።

«ላምቦሬ» ብላ አነበበች ማርታ።

በሩ አጠገብ የለስላሳ ጠርሙስ ከእጅ ወድቆ ተንከባለለ። እማማ ጡሜ ተነሥተው ቆመዋል። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል፤ አፋቸውን በመዳፋቸው ከድነው በሚደክሙት ዓይኖቻቸው ማርታን ሳይሆን ወረቀቱን ያያሉ፣ ሴትዮዋ ከዚያ የምትወጣ ይመስል። አቶ ሽብሩ ዞረው አዩዋቸውና፣ ሳያስቡት ይሁን አስበውት፣ እሳቸውም ከወንበራቸው ተነሡ። ነስሩም ተከተለ። ሱምያ የተጣመረ እጇን ፈታች፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም አይነበብም።

«ጠራችው?» አሉ እማማ ጡሜ። «በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት ጠራችው።» ማርታ ቀጥላ አነበበች፦ ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ያዙ። ላምቦሬ ጋቢውን ራሱ ላይ ጥሎ ከመሐላቸው ወጣ፤ ምራቱ በአደባባይ የጠራችው ሰው ደግሞ ቃል የሚሰጥበት አፍ የለውም። ልጅቷ አልተዳረችም። ገጹ እዚያ ያልቃል። ግርጌው ላይ የቀይ እስክሪብቶ ጽሑፍ አለ፤ ማርታ ልትዘለው አስባ አፈረች፣ እሱንም አነበበችው፦ «ይኸው ነው? ስም ጠርታ ሄደች?» ማንም አልሳቀም።

እማማ ጡሜ አልተቀመጡም። ከዚያ ዘመን አፋፍ ላይ የቆሙ ሰው ናቸው፤ እዚያ ለቆመች ሴት የሚጨነቁበት ሌላ ነገር አላቸው። ስለ ልጅቷ አልጠየቁም፣ ስለ ላሞቹም አልጠየቁም። «ከዚያ ወዲያ» አሉ በቀስታ፣ «ውሃ የሰጣት ሰው ነበር?»

ማርታ ጥያቄው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ የገባት ቆይቶ ነው። እንዲያ ያደረገች ሴት የትኛው ደጅ ይከፈትላታል? ከየትኛው እሳት ፍም ትጫራለች? ዋጌ ያንን ቃል ስትናገር ልጇን አትርፋ ራሷን መጣሏ ነበር፤ እሷም ታውቀው ነበር። ማርታ በችኮላ ገጹን ገለበጠች። መቶ ሰማንያ ስምንት ላይ የመጀመሪያው አንቀጽ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ተሰርዟል፤ ጎኑ ላይ «አላስፈላጊ ዝርዝር፤ ይውጣ» ይላል። የራሷ እጅ ነው። ፊደሎቹን በሰረዙ ሥር እያሳደደች አነበበች።

«ዋጌ እቤት ስትደርስ የላምቦሬ ሚስት ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። አማቲቱ አንድም ቃል አልተናገረችም። ወደ ውስጥ ገብታ ውሃ በቅል ቀድታ መጣች፤ በሁለት እጇም ሰጠቻት።»

አቶ ሽብሩ መነጽራቸውን አውልቀው በመዳፋቸው ያዙት። «የእናቴ እጅ ነው» አሉ፤ «በሁለት እጅ የምትሰጠው ለምታከብረው ሰው ነበር።» ሱምያ ወረቀቱን ከማርታ እጅ ተቀብላ ያቺን የተሰረዘች አንቀጽ ለብቻዋ ደግማ አነበበች፤ ድምፅ ሲሰጥ እጇን ያወጣችው የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች፣ ነስሩም ቆሞ እንዳለ ቃለ ጉባኤው ላይ «ቁጥር ሦስት፣ በሙሉ ድምፅ» ብሎ ጻፈ።

እማማ ጡሜ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። ረጅም መንገድ ሄዳ የደረሰች ዘመዳቸውን የተቀበሉ ያህል ትንፋሻቸውን ለቀቁት።

«በሁለት እጇ ከሰጠቻት» አሉ፣ «እንግዲያ ኖራለች።» ይህን ብለው ተቀመጡ።